ከጆንያው ጀርባ የነበረው ስም

ላምባ የነካው ጆንያ ሲሸተኝ ዛሬም ካለሁበት እቆማለሁ። ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ አጋሮ ሄጄ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስወጣ፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጆንያ ክምርና የላምባ በርሜል ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ ልጅ እግር ነው። «ምን ልስጥሽ እናቴ?» አለኝ። «ምንም፤ ትንሽ ላሽትት ብዬ ነው» አልኩት። ፀሐይ የመታኝ መስሎት መሆን አለበት፣ ሮጦ ወንበር አወጣልኝ። ተቀመጥኩና ያ ክረምት ከነዝናቡ መጣብኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው። ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባልበት ዘመን ነው። የእኛ ቤት ሕግ ግን ከአብዮቱም ሕግ ይጠብቅ ነበር። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። ሰው ስለ አባቴ ከጠየቀኝ «አላውቅም» ማለት ነው። ስሜን ከጠየቀኝ «ሰሚራ» ብዬ ማቆም ነው። «ዝም አይነቅዝም» ትለኝ ነበር፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

አባቴ ነስሩ ቡና ነጋዴ ነበር። ከዚያ ክረምት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «ቡና ደብቋል፣ አሻጥረኛ ነው» ብለው ወሰዱትና ከቡና መጋዘኑ በላይ ባለው ግቢ አሰሩት። እናቴ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ነጭ የብረት ሳህን በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ፊቷ ይፈታል። አንድ ቀን ግን እንደሞላ ተመለሰ። ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሏታል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል የነገረን የለም። እኔ ወጡ ጨው በዝቶበት አባቴ የተቆጣ መሰለኝና በማግስቱ «እማ፣ ዛሬ ጨው ቀንሺለት» አልኳት። እናቴ ሳህኑን አጥባ ከፊቴ አነሣችው። ሳህኑንም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ብዙም ሳይቆይ መጋዘን ገባች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ቡና ከደህናው እየለየች ትውል ጀመር።

ጋሼ ላምቤቦ የሥዕል መምህራችን ነበሩ። ከሆሳዕና ወገን ነው የመጡት። ያኔ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሠላሳ ዓመትም አልሞላቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸው አንድ እግር በክር የታሰረ። ሲሠሩ ቃል የሌለው ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ሰው ሲመጣ ቀጥ ያደርጉታል። ሰዎች በሹክሹክታ «ጴንጤ ናቸው» ይላሉ። እኔ ጴንጤ ማለት መነጽሩን በክር የሚያስር ሰው ይመስለኝ ነበር።

በከተማው እጃቸው ያላረፈበት ነገር አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ያለው ባለ ጎፈሬ ሰውዬ የእሳቸው ነው፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ፏፏቴ የእሳቸው ነው፤ ወደ ሰቃ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ግንባር ላይ የምትበረው እርግብም የእሳቸው ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ያስተምራሉ። ፊደል የከበዳቸውን እናቶች ቡና አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ፍሬውን በፊደል ቅርጽ ያስደረድሯቸዋል። እናቴ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ጭራሽ የማይገባትን ፊደል በቡና ስትደረድረው ገባት። ጣቷ ከዓይኗ ቀድሞ ማንበብ ጀመረ።

እኛን ደግሞ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ወደ መጋዘኑ እየወሰዱ የእናቶችን እጅ ያስሉን ነበር። ከሰሉን ከቡና እንጨት ራሳቸው ያከስሉታል። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የምታውቂውን ሳይሆን የምታዪውን ሳዪ። እኔ አንድ ቀን የእናቴን እጅ ሳልኩና አሳየኋቸው።

«ከተቀመጥሽበት ስንት ጣት ይታይሻል?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«ታዲያ ሁለቱን ከየት አመጣሻቸው?»

«እናቴ አምስት ጣት እንዳላት አውቃለሁ።»

«ያንን ለሒሳብ መምህሩ ንገሪው» ብለው ፭ ጻፉልኝ። ማርክ የሚሰጡት በግዕዝ ቁጥር ነው። ከስምንት በላይ ግን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ዐሥሩ የፈጣሪ ነው፣ ዘጠኙ የኔ ነው፤ እናንተ ከስምንት ወዲህ ባለው ተጣሉበት» ይሉን ነበር።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ እኔ የምፈራው ያኛውን ነው። የሳለ ሰው ከሥዕሉ ጀርባ ስሙን ከነአባቱ መጻፍ አለበት። «ሥራ ባለቤት አለው» ይላሉ። እኔ «ሰሚራ» ብዬ ብቻ ስሰጣቸው ወረቀቱን ገልብጠው ያዩና «የማን ሰሚራ? እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰሚራ አለች» ይሉኛል። ያኔ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን የምታነበው በሚመስል ጽሑፍ፣ «ነስሩ» ብዬ እጨምራለሁ። ያንን በጻፍኩ ቁጥር ማታ እናቴ ፊቴን አይታ የምታውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ሲያልቅ የበዓል ኮሚቴው ጋሼ ላምቤቦን ጠራቸው። ለአብዮቱ በዓል ሜዳው ላይ የሚቆም፣ ከቤት የሚበልጥ ሥዕል ታዘዘ። ከጅማ ይመጣል የተባለው አቡጄዲ አልመጣም። እሳቸውም ሃያ አራት የቡና ጆንያና ሃያ አራት ልጅ ጠየቁ። ከሃያ አራቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ከመካከላችን የመጋዘን ሠራተኛ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራው የሚሠራው መጋዘኑ ጥግ ላይ ነው። ጆንያዎቹን ተረተርን፣ በኖራና በሙጫ ቀባን፣ ቀለሙን በላምባ አቀጠንን። መሐል ጠረጴዛ ላይ ከኮሚቴው የመጣው ትንሹ ሥዕል ተዘርግቷል። ጋሼ ላምቤቦ ሥዕሉ ላይ መስመር ማስመር አልደፈሩም፤ ሥዕሉ ላይ እርሳስ ማሳረፍ የሚያስከትለውን ያውቁታል። በምትኩ የእንጨት ክፈፍ ላይ ምስማር መትተው ነጭ ክር ወጠሩና ላዩ ላይ አስቀመጡት። ክሩ ሥዕሉን ለሃያ አራት ካሬ ከፈለው። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ጆንያ ላይ አሥር እጥፍ ሆኖ ይሳላል።

ሙሉውን ግን አላሳዩንም። ክፈፉን በካርቶን ሸፍነው፣ ለተረኛው ልጅ የእሱን ካሬ ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ይከፍቱለታል። «ሙሉውን ካያችሁ ትፈራላችሁ፤ የፈራ እጅ ቀጥ ያለ መስመር አያወጣም» አሉን። እኛ ግን ሳናየውም ፈርተን ነበር። ግማሹ ልጅ «ጓድ ሊቀመንበር ናቸው» ይላል፤ ግማሹ «በየሰልፉ ከሚሰቀሉት ከሦስቱ ጢማሞች አንዱ ነው» ይላል። ዓይን የደረሳት አስቴር ምሳ ልትበላ ስትሄድ ጆንያዋን በነጠላ ትሸፍነው ነበር፤ ዓይኑ ይከተለኛል ብላ።

እኔን ግን የሚከተለኝ ነገር አልነበረም። በእኔ ቀዳዳ የሚታየው ቡናማ ብቻ ነው። ከላይ ቡናማ፣ ከታች ትንሽ ጠቆር ያለ ቡናማ። ሌላው ልጅ ዓይን አለው፣ ቁልፍ አለው፣ የቆብ ጫፍ አለው፤ የእኔ ካሬ ባዶ ነው። የታረሰ መሬት መሰለኝ፤ ከሥዕሉ አንዱ ጥግ ላይ ገበሬዎች ይኖራሉ፣ የኔ እርሻቸው ነው ብዬ ተጽናናሁ። በሌላ በኩል ደስ ያለኝም ነገር ነበር። የቁርአን መምህራችን ሼሁ፣ ነፍስ ያለውን የሳለ ሰው በቂያማ ቀን፣ ሙታን ሲነሡ፣ «በል ነፍስ ዝራበት» ይባላል ብለውን ነበር። መሬት ግን ነፍስ የለውም። አስቴር ዓይኑን ይዛ ምን እንደምትሆን እያሰብኩ አዝንላት ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ ጋሼ ላምቤቦ ጅማ ለስብሰባ ተጠሩ። ሲሄዱ «ትንሹን ሥዕል በላስቲክ መሸፈን እንዳትረሱ፤ ቆርቆሮው ያፈሳል» አሉን። የመጀመሪያው ቀን የመሸፈን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም ደብተራችንን ራሳችን ላይ አድርገን ሮጥን። ላስቲኩ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ቆማለች፤ አልተመለስኩም።

በማግስቱ ካርቶኑ ደህና ነበር። እኔም ላስቲኩን አጥፌ አስቀመጥኩና ለማንም ሳልናገር በቀዳዳዬ አየሁ። ያን ጊዜ እርሻዬ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ከላይ በኩል፣ ቀላ ያለ ጥቁር፣ ጫፉ ቀጥኖ ሥሩ የከበደ፣ ዳር ዳሩ የሚያበራ ነገር። ኩሬ! ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ጋሼ «በደንብ ያላየሽው ነገር ሁልጊዜ አለ» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው ብዬ በራሴ አፈርኩ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ኩሬዬን ስስል ዋልኩ። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሳልኩት ነገር በሕይወቴ የለም። ከጀርባው «ሰሚራ ነስሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ በኩሬዬ ስለኮራሁ ነው መሰለኝ የአባቴንም ስም ከወትሮው አጉልቼ ጻፍኩት።

ከቆርቆሮው ዝገት ጋር የወረደ የዝናብ ጠብታ በካርቶኑ ቀዳዳ እንደገባ ማን ይንገረኝ?

ጋሼ ላምቤቦ ለሦስት ቀን ተብለው ቢሄዱም ሲመለሱ ሳምንት አልፏል። በዚያ መሐል የመጋዘኑ ሴቶች ጆንያዎቹን በቁጥራቸው ደርድረው ከጀርባ በኩል በትልቁ የጆንያ መርፌ ሰፍተው ጨርሰዋል። እናቴም ሰፍታለች። መጋዘኑ ውስጥ ዘርግቶ ማየት አይቻልም፤ ተጠቅልሎ ቆየ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው በማለዳ እኛ ልጆቹም የመጋዘኑ ሴቶችም ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የባሕር ዛፍ አጣና ቆሟል። ጥቅልሉ ተዘረጋ፣ ገመድ ተሳበ፣ ሥዕሉ እየተንገጫገጨ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ቁልፎቹ፣ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ የአስቴር ዓይን። ጓድ ሊቀመንበር ነበሩ። የኔ እርሻ ጉንጫቸው ነው። ጉንጫቸው ላይ፣ ከዓይናቸው ሥር፣ የክንድ ያህል እንባ እየወረደ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቂያማን ነው፤ ጉንጭ ብቻ ነፍስ ቢዘራበት ምን ያደርጋል? ከዚያ ግን ጋሼ ላምቤቦን አየኋቸው። ወደ ኋላ እየሄዱ ሥዕሉን ሲያዩ ነበር፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሌላው ሰው ገና ከገመዱ ጋር ይታገላል። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ገመዱ አልጠበቀም፤ አውርዱት» አሉ።

ሥዕሉ ሣሩ ላይ በፊቱ ተደፋ። በእጃቸው የነበረው የመፈክር መጻፊያ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው፤ ሌላው ቀለም የኮሚቴው ዕቃ ክፍል ተቆልፎበታል። ጥቁር ደግሞ ፊቱ ላይ ቢነካ ይብስ። ከጀርባው ተንበርክከው በቡሩሽ የሆነ ነገር ሲያደርጉ አየኋቸው። ስፌቱን የሚያዩ መሰለኝ። ገና ሳይነሱ የካድሬው ላንድሮቨር ደረሰ።

ካድሬው ወጣት ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ደብተር በብብቱ ያደረገ። «ለምን ወረደ? አንሡት!» አለ። አነሡት። ካድሬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጓድ መምህር» አለ፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ ጓድ?»

«ጓድ ሊቀመንበር እያለቀሱ ነው እንዴ?»

ከሴቶቹ መሐል አሮጊቷ ዘሀራ፣ «ዝናብ ነው የኔ ልጅ! የጠዋቱ ካፊያ ነው፤ ማሎ፣ እባክህ፣ ሲደርቅ ይጠፋል» አለችው። ካድሬው መሰላል አስመጥቶ ወጣና በመሐረቡ ጠረገው። ወልውሎ ወልውሎ መሐረቡን አየው። ንጹሕ ነው። እንባው እንዳለ ነው።

«ልጆቹ ከጀርባው ስማቸውን ይጽፋሉ አላልከንም? አውርዱት፤ ገልብጡት።»

እናቴ ከኋላዬ እንደቆመች ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ካድሬው ከአንዱ ዳር ጀምሮ ከላይ ወደ ታች ስሙን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። የተጠራ ልጅ ሁሉ «አቤት» ይላል፣ ማንም «አቤት በል» ሳይለው። አስቴር «አቤት» ስትል ማልቀስ ጀመረች። የሚቀጥለው የኔ ነው። የአባቴ ስም እዚያ ሜዳ ላይ፣ በዚያ ሰውዬ አፍ ሊጠራ ነው።

«ላምቤቦ ኤርጫፎ» አለ ካድሬው።

መጀመሪያ አልገባኝም። ካድሬው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ጥቁር ሆነ። ወደ ጋሼ ላምቤቦ ዞረ።

«ቀለሙ እርጥብ ነው።»

«ልጆቹ ይቅደሙ ብዬ ነው» አሉ፤ «እኔ የፈረምኩት ዛሬ ነው።»

«ይሄን የሳልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ድምፃቸው ስም ሲጠሩ የሚያሰሙት የክፍል ድምፅ ነበር። ወደ እኛ አላዩም። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሲገቡ ረጅም ስለሆኑ አንገታቸውን ሁለት ጊዜ መስበር ነበረባቸው። እኔም «የኔ ነው» አላልኩም። ዛሬም ይህን ስጽፍ ያቃጥለኛል። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ፈራሁ።

ያሰሯቸው አባቴ ታስሮበት በነበረው ግቢ ነው። ወደ ጅማ ሊወስዷቸው ነው የሚል ወሬ መጣ። እኔ መብላት አቆምኩ። እናቴ ግንባሬን ነክታ «ትኩሳት የለሽም» ትላለች፤ እኔም «የለኝም» እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል እንጂ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ዝምታ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ካድሬው ጥቁሩን ቀለም ፍቆ ከሥሩ ስሜን ያገኘው ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ቢያገኘው ይሻላል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ያ ረቢ፣ እንዳያገኘው እላለሁ።

በአራተኛው ቀን እናቴ አልጋ ሥር ገብታ አንድ ነገር አወጣች። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ሳህን ነበር። አጠበችው፤ ወጥና እንጀራ አድርጋ በጨርቅ ቋጠረችው።

«ለማን ነው እማ?» አልኳት።

«ለመምህሩ። እዚህ አገር ማን አላቸው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ደጅ ማለፍ ስለማትችል በሌላ መንገድ ዞራ ነበር ሥራ የምትሄደው። ያን ቀን ግን በቀጥታው ሄደች። ከማን ነው ሲሏት «ከመጋዘኑ ሴቶች» ማለቷን ስትመለስ ነገረችኝ። ሳህኑ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልታጥበው ስትገለብጠው ከሥሩ በከሰል የተጻፈ ነገር አየሁ። ፱።

እናቴ ጥቀርሻ መስሏት አመድ ነክራ ልትፈትገው ስትል፣ «እማ፣ አትንኪው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ላስቲኩን፣ ኩሬውን፣ ጥቁሩን ቀለም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ከጀርባው የነበረው የኔ ስም ነው። እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ።» ጥፊ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ያንቺን ጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ኢንታላኮ፣ ልጄ። ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። ስምሽን በጣቴ እየነካሁ፣ የአባትሽን ስም በጣቴ እየነካሁ ነው የሰፋሁት።» አመዱን ከእጇ አራገፈች። «ሜዳው ላይ ሌላ ስም ሲጠራ ዋላሂ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።»

ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?» አለች።

«ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ የእሳቸው ነው፤ ለማንም ሰጥተው አያውቁም።»

እናቴ ሳህኑን ሳትፈትገው ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ከዚያ «እንግዲያው ነገ ስንቁን አንቺ ትወስጃለሽ» አለችኝ። «ስምሽን ሲጠይቁሽ እንዳታቆሚ። እስከ ጫፉ ተናገሪ።»

ጋሼ ላምቤቦ ጥቅምት ላይ ተፈቱ። ወደ ሸቤ ተዛወሩና ሁለተኛ አላገኘኋቸውም። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሳህኑ ባዶውን ይመለስ እንደሞላ ይመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ዳገቱን ስወጣ ወጡ እንዳይፈስ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው የሄድኩት።

ዘበኛው በጉልበቱ ላይ ደብተር አድርጎ ተቀምጧል።

«ለማን ነው?»

«ለጋሼ ላምቤቦ።»

«ከማን ልበል?»

«ከሰሚራ» አልኩና አፌ በልማዱ ሊዘጋ ነበር።

«ከማን ሰሚራ?»

«ከሰሚራ ነስሩ።»

ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። «የነስሩ? የቡና ነጋዴው?»

«አዎ» አልኩት። «የእሱ ልጅ ነኝ።»

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈው፤ ሲጽፍ ቆሜ አየሁት። ሳህኑን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከግንቡ በስተጀርባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጣራ ተሰማኝ፤ «ላምቤቦ! ስንቅ! ከሰሚራ ነስሩ!»

ውስጥ የሰው ድምፅ አልመለሰለትም። እኔም አልሄድኩም። ግንቡን ተደግፌ፣ ካፊያው እየወረደብኝ፣ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ዘበኛው ሳህኑን አቀበለኝ። ጨርቁን ፈትቼ አየሁ። ባዶ ነበር።